የሌለ ሰማይ ካርታ ምኑ ይታረማል?

ውድ እንግዶች፣ ወላጆች፣ መምህራን፣ ወንበር አጥታችሁ ከኋላ የቆማችሁ ወጣቶች፤ እንደምን ዋላችሁ።

በአዳማ ሙቀት፣ ከሰዓት በኋላ፣ አዳራሽ ገብቶ ስለ ከዋክብት ካርታ የሚያዳምጥ ይህን ያህል ሰው ይገኛል ብዬ አልጠበቅኩም። ያውም ስለ ልብወለድ ከዋክብት። ቅድም በር ላይ አንዲት እናት "ልጄ፣ የሌለ አገር ካርታ ምኑ ይታረማል?" አሉኝ። ሁላችንም ሳቅን። ጥያቄያቸው ግን የዋዛ አይደለም። የምናገረው ሁሉ ለእሳቸው መልስ እንዲሆን ነው የምፈልገው።

ለነገሩ አዲስ ለሆናችሁ ባጭሩ ልንገራችሁ። ሳይንሳዊ ልብወለድ የሚወዱ ሰዎች ታሪኩን አይተው ብቻ አይበቃቸውም። የጠፈር መርከቧ ከየት ተነስታ የት እንደደረሰች ማወቅ ይፈልጋሉ። ስታር ትሬክ የተባለው የአሜሪካ የቴሌቪዥን ተከታታይ እ.ኤ.አ. በ1966 ሲጀምር ካርታ ይዞ አልመጣም። ካርታው በኋላ መጣ። አድናቂው ሣለ፣ አሳታሚው አሳተመ፣ ፖስተሩ ተሸጠ። ዛሬ ብዙዎቹ ከገበያ ጠፍተዋል። ያሉትም ቢጫ ሆነዋል፣ በእጥፋታቸው ላይ ተበጥሰዋል። ስለዚህ ያገኘ ሰው ስካን ያደርጋል፣ ያጸዳል፣ ያርማል፣ ለሌላው ያስቀምጣል። እኛም እዚህ የጀመርነው ይህንኑ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ካርታ ላይ የምታዩት ስህተት ከሦስት ሰዎች እጅ ሊመጣ ይችላል። ከሣለው፣ ካተመውና ስካን ካደረገው። የኔ አቋም ግልጽ ነው። ስካን ስናደርግ እኛ የፈጠርነውን ስህተት ያለ ርኅራኄ እናጥፋ። ማተሚያ ቤቱ ያበላሸውን፣ ማስረጃ ካለን፣ እናርም። ሠዓሊው የሣለውን ግን አንንካ። ከጎኑ ማስታወሻ እንጻፍ እንጂ እጃችንን አናስገባ። በዚህ የማይስማሙ ጓደኞች አዳራሹ ውስጥ እንዳሉ አውቃለሁ። ይቆዩኝ፣ እመለስባቸዋለሁ።

ከእኛው ስህተት ልጀምር፤ ትልቁ ጣጣ እዚያ ነውና። የኮከብ ካርታ ጥቁር መደብ ላይ ያሉ ነጫጭ ነጥቦች ማለት ነው። የስካነር መስታወት ላይ ያረፈች የአቧራ ቅንጣትስ? እሷም ጥቁር ላይ ነጭ ነጥብ ናት። የአዳማን አቧራና ነፋስ ለእናንተ አልነግርም። መስኮት ከፍታችሁ ስካን ካደረጋችሁ፣ በአንድ ከሰዓት አንድ አዲስ ኅብረ ከዋክብት ትፈጥራላችሁ።

ሶፍትዌሩ ላይ "አቧራ አጥፋ" የሚል ምርጫ አለ አይደል? ለሠርግ ፎቶ ጥሩ ነው። ለኮከብ ካርታ ግን መርዝ ነው። ማሽኑ የሚያውቀው "ትንሽ ነጥብ ቆሻሻ ነው" የሚለውን ብቻ ነው። ሠዓሊው በትዕግሥት ያኖራቸውን ደቃቅ ከዋክብት እየለቀመ ይበላቸዋል። እናንተም ገጹ ጸዳ ብላችሁ ትደሰታላችሁ።

መላው ቀላል ነው፤ ትዕግሥት ግን ይፈልጋል። አንዱን ገጽ ሁለት ጊዜ ስካን አድርጉ። ሁለተኛውን ወረቀቱን አዙራችሁ፣ ራስጌው ግርጌ ሆኖ። ከዚያ ኮምፒውተር ላይ አቅንታችሁ ሁለቱን ምስሎች ደራርቧቸው። አንዱን አሳይ፣ ደብቅ፣ አሳይ፣ ደብቅ በሉ። በሁለቱም ላይ ቦታው ላይ የሚገኘው ነጥብ ወረቀቱ ላይ ያለ ነው። ብልጭ ድርግም የሚለው ነጥብ የመስታወቱ አቧራ ነው። ሰርዙት።

ይህ ዘዴ የእኛ ፈጠራ አይደለም። አሜሪካዊው የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ክላይድ ቶምባው ፕሉቶን ያገኘው እንዲሁ ነበር። እ.ኤ.አ. በጥር 1930 በተለያዩ ሌሊቶች የተነሡ ሁለት የሰማይ ፎቶዎችን እያፈራረቀ በሚያሳይ መሣሪያ ሲያይ፣ ከብዙ ሺህ ነጥቦች መሃል አንዲቱ ቦታ ቀየረች። የእሱ የምትንቀሳቀሰዋን መፈለግ ነበር፣ የእኛ የምትንቀሳቀሰዋን ማባረር። ዓይን የሚሠራው ሥራ ግን ያው ነው።

ስለ ስካኑ ጥራት መጠንም ልበል። ፎቶ ኮፒ ቤት ስትሄዱ ልጁ ዝም ብሎ በ300 ነጥብ በኢንች ያደርግላችኋል። ለመታወቂያ በቂ ነው። ለካርታ 600 ጠይቁ። አንድ ኤ4 ገጽ በ600 ወደ 4,960 በ7,016 ፒክስል ይሆናል። ሳይጨመቅ በቀለም ከተቀመጠ 100 ሜጋባይት ገደማ ነው። አዎ፣ ፍላሽ ይሞላል። ግን የታተመ ቀለም በደቃቅ የቀለም ነጠብጣቦች የተሠራ ነው። በዝቅተኛ መጠን ስካን ሲደረግ ነጠብጣቦቹ ከስካነሩ ፒክስሎች ጋር ይጋጩና ገጹ ላይ ሞገድ የመሰለ ጥለት ይወጣል። በ600 አንስቶ በኋላ ማሳነስ ይሻላል።

ዋናውን ፋይል ቲፍ በተባለው የምስል ፋይል ዓይነት አስቀምጡና አትንኩት። ጄፔግ የተባለው ምስሉን የሚጨምቅ ዓይነት በነጭ ነጥብ ዙሪያ ጭጋግ ይሠራል። ደግሞ እባካችሁ፣ እባካችሁ፣ ቴሌግራም ላይ እንደ ፎቶ አትላኩ። ይጨመቃል፤ ትንንሾቹ ከዋክብት እዚያው መንገድ ላይ ይቀራሉ። እንደ ፋይል ላኩት። ከገጹ ጀርባ ያለው ጽሑፍ ፈክቶ እንዳይታይ ጥቁር ወረቀት ከበስተኋላው አድርጉ። መብራት ስካን መሃል ላይ ከጠፋ ደግሞ ገጹን ከመጀመሪያው ጀምሩ። የተረፈውን ግማሽ ላጣብቅ ማለት ሌላ ራስ ምታት ነው።

የማተሚያ ቤት ስህተት ብዙ አያስቸግርም። የፊደል ግድፈት ነው፣ ወይ ቀለሙ ተንሸራቶ ስሙ ከኮከቡ ርቆ ሄዷል፣ ወይ ጥራዙ መሃል ላይ ሁለት ሦስት ከዋክብትን ውጧል። እዚህ ላይ ማስረጃው ሌላ ቅጂ ነው። የዚያው መጽሐፍ ሁለተኛ ቅጂ ላይ አጠራጣሪው ነጥብ ከሌለ የአንዷ ወረቀት እንከን ነው። በኋላ የወጣ እትም ስሙን አስተካክሎ ከጻፈ እርማቱን አሳታሚው ራሱ ሰጥቶናል። ሌላ ቅጂ ከሌለን እንዳለ ይቆይ።

አሁን ወደ ተቃዋሚዎቼ ልምጣ። እነሱ የሚሉት ይህን ነው፤ "ሠዓሊው ከተሳሳተ ተሳስቷል። እኛ ዛሬ የተሻለ እናውቃለን። ለምን አናስተካክለውም?"

የስታር ትሬኩን ገጸ ባሕርይ፣ ጆሮው ሹል የሆነውን ስፖክን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። አገሩ ቫልካን የተባለች ፕላኔት ናት። ቫልካን የምትዞረው የትኛውን ኮከብ ነው? አንዳንድ የቆዩ ጽሑፎች ኤፕሲሎን ኤሪዳኒን ነው አሉ። ሌሎች 40 ኤሪዳኒን። ሁለቱም የእውነት ከዋክብት ናቸው። አንዱ ከእኛ 10.5፣ ሌላው 16.3 የብርሃን ዓመት ገደማ ይርቃል። የብርሃን ዓመት ማለት ብርሃን በአንድ ዓመት የሚጓዘው ርቀት ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 የተከታታዩ ፈጣሪ ጂን ሮደንበሪ ከሦስት የሥነ ፈለክ ተመራማሪዎች ጋር ሆኖ ስካይ ኤንድ ቴሌስኮፕ ለተባለው መጽሔት ደብዳቤ ጻፈ። ኤፕሲሎን ኤሪዳኒ ዕድሜው 1 ቢሊዮን ዓመት ያህል ብቻ ነው፣ አስተዋይ ፍጡር እስኪገኝ ጊዜ አይበቃም አሉ። 40 ኤሪዳኒ ግን እንደ ፀሐይ 4 ቢሊዮን ዓመት ያህል አለው። ስለዚህ የቫልካን ፀሐይ እሱ ይሁን አሉ።

እንግዲህ ከዚያ ደብዳቤ በፊት ቫልካንን ኤፕሲሎን ኤሪዳኒ ላይ ያኖረ ሰው ተሳስቷል? በሁለቱ መካከል 6 የብርሃን ዓመት ያህል አለ። ካርታ ላይ ትንሽ አይደለም። እኔ ግን አልተሳሳተም እላለሁ። በዘመኑ የሚታመነውን ነው የጻፈው። እሱን ፍቀን አዲሱን ብንጽፍ፣ አድናቂዎች በዚያን ጊዜ ምን ያስቡ እንደነበር የሚያሳየን ብቸኛ ሰነድ ይጠፋል። የሚቀረን የራሳችን ዕውቀት በሌላ ሰው ብዕር ተጽፎ ነው። ይህ እርማት አይደለም።

ሪጄል የተባለው ኮከብም አለ። በተከታታዩ ውስጥ ሪጄል ጎረቤት ነው፤ መርከቦች ሄደው ይመለሳሉ። እውነተኛው ሪጄል ግን 860 የብርሃን ዓመት ገደማ ይርቃል። አንድ የካርታ ሠሪ ይህን ሲያይ ኮከቡን አልጎተተም። "የታሪኩ ሪጄል ስሙ የሚመሳሰል ሌላ ኮከብ ነው" ብሎ አዲስ ስም ሰጠው። እኔ ይህን በጣም እወደዋለሁ። ታሪኩንም ሰማዩንም ሳይዋሽ ወጣ።

ስለ ሪጄል ካነሳሁ ወጣቶቹ አንድ ነገር ይሞክሩልኝ። ታኅሣሥ ወይ ጥር ላይ፣ ማታ፣ ከከተማው መብራት ራቅ ብላችሁ፣ ወደ ሶደሬ መንገድ ቢሆን ጥሩ ነው፣ ኦሪዮን የተባለውን ኅብረ ከዋክብት ፈልጉ። ከሥሩ ደምቆ የሚታየው ሪጄል ነው። ከእሱ ወደ ምዕራብ 15 ዲግሪ ያህል ሂዱ። ክንዳችሁን ዘርግታችሁ አንድ ቡጢ ተኩል ማለት ነው። እዚያ ያለው ደብዛዛ ኮከብ 40 ኤሪዳኒ ነው፤ ያለ ቴሌስኮፕ ይታያል። ሁለቱ ጎን ለጎን ያሉ ይመስላሉ። ሪጄል ግን ከ50 ጊዜ በላይ ይርቃል። ጠፍጣፋ ወረቀት ላይ የተሣለ ካርታ ሁሉ ችግሩ ይኸው ነው። ሰማይ ሦስት ልኬት አለው፣ ወረቀት ሁለት። ሁለት ከዋክብት ወረቀቱ ላይ ስለተጠጉ ብቻ "ርቀቱ ተሳስቷል" ብላችሁ እንዳትቸኩሉ። ሠዓሊው ከፍታውን ትቶት ይሆናል። ሦስቱንም ልኬቶች አስሉና ከዚያ ማስታወሻችሁን ጻፉ።

"የእውነቱ ሳይንስ የማይለወጥ ነውና በእሱ እናርም" የምትሉም አላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2018 ተመራማሪዎች 40 ኤሪዳኒን የምትዞር ፕላኔት አገኘን አሉ። ዙሯ 42 ቀን ነው ተባለ። አድናቂዎች "ቫልካን ተገኘች!" ብለው ጮቤ ረገጡ። በ2024 የወጣ ጥናት ደግሞ ምልክቱ የመጣው ከኮከቡ ከራሱ ገጽ እንቅስቃሴ ነው፣ ፕላኔት የለችም አለ። በ2018 ካርታውን "ያረመ" ሰው አሁን እርማቱን ሊያርም ነው። ማስታወሻ ብቻ የጻፈው አንድ መስመር ይጨምራል፣ አለቀ።

እኔም ብሆን ልቤ የሚሸነፍበት ቦታ አለ። እ.ኤ.አ. በ2019 ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት ለየአገሩ አንዳንድ ኮከብ ሰጥቶ ስም አውጡ ሲል፣ ለኢትዮጵያ የደረሰው ኤችዲ 16175 ነበር። ኮከቡ ቡና ተባለ፣ ፕላኔቱ አቦል። ያለው አንድሮሜዳ በተባለው ኅብረ ከዋክብት ውስጥ ነው፤ በግሪኮች ተረት የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ የነበረችው አንድሮሜዳ። ርቀቱ ከ190 የብርሃን ዓመት ትንሽ ይበልጣል። ታሪኮቹ የሚካሄዱት በዚሁ በእኛው ጋላክሲ ከሆነ፣ ቡናም እዚያ አለ ማለት ነው። መርከቦቹ በአጠገቡ ሲያልፉ ኖረዋል፤ ማንም አልነገራቸውም።

በቡድናችን ውስጥ ቡናን የድሮዎቹ ካርታዎች ላይ እንጨምር የሚሉ ልጆች አሉ። ፍላጎታቸው ይገባኛል። ግን ስካኑ ላይ አይሆንም። ለብቻው ሌየር፣ ማለትም ከስካኑ በላይ የሚነባበር የተለየ ገጽ ሠርተን፣ በሌላ ቀለም፣ የጨመርነው እኛ መሆናችንን ጽፈን ይሁን። የፈለገ ያበራዋል፣ ያልፈለገ ያጠፋዋል።

ስለ መብት አንድ ቃል። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 አለ። ከገበያ የጠፋ መጽሐፍ ባለቤት የሌለው መጽሐፍ አይደለም። ለራስ ማያ ኮፒ ማድረግና ለሕዝብ መልቀቅ ይለያያሉ። ከመልቀቃችን በፊት አሳታሚውን እንጠይቅ። ካልፈቀደ፣ መረጃውን ይዘን የራሳችንን ካርታ ከባዶ እንሣል። በነገራችን ላይ ጎበዝ ሠዓሊ አላጣንም።

ከሻይ በኋላ ሥራ እንጀምራለን። ስካነሩ ጥግ ላይ ያለው ጠረጴዛ ላይ ነው፤ መስኮቱ ይዘጋል፣ ሙቀቱን ቻሉት። ሁለት ሁለት ሆናችሁ ተቀመጡ። አንዱ ስካን ያደርጋል፣ ሌላው መዝገቡን ይይዛል፤ ገጹ፣ ቀኑ፣ የተሰረዘው ነጥብ፣ የተሰረዘበት ምክንያት። የቆየ ፖስተር ወይም መጽሐፍ ቤታችሁ ያላችሁ፣ ስማችሁን በሩ አጠገብ ባለው ወረቀት ላይ ጻፉ። በተለይ እኛ ያለንን መጽሐፍ ሁለተኛ ቅጂ የያዘ ሰው ካለ፣ ዛሬውኑ ያነጋግረኝ።