ተከላካይ በምን ይለካል? በልጆች አይስ ሆኪ የውድድር ዘመን መክፈቻ ላይ ለወላጆች የተዘጋጀ ንግግር

የተከበራችሁ ወላጆች፣ አሰልጣኞች፣ ልጆቻችንም፤ እንኳን ለአዲሱ የውድድር ዘመን በሰላም አደረሳችሁ።

ዛሬ እንድናገር የተጠየቅሁት ስለ አንድ ተከላካይ የሙያ ሕይወት ነው። እዚህ ስዊድን ውስጥ ልጅ የምታሳድጉ ሁሉ ስሙን ታውቁታላችሁ፤ ኒክላስ ሊድስትረም። ከስቶክሆልም 100 ኪሎ ሜትር ያህል በምትርቀው በቬስተሮስ ክለብ ተጫወተ፤ እ.ኤ.አ. በ1989 በሰሜን አሜሪካው ሊግ በኤንኤችኤል የሚጫወተው ዲትሮይት ሬድ ዊንግስ በ3ኛው ዙር 53ኛ ምርጫ አድርጎ ወሰደው። ከ1991 እስከ 2012 ድረስ 20 የውድድር ዘመን፣ 1,564 መደበኛ ጨዋታ፣ ሁሉንም በአንድ ማሊያ። የሊጉን ዋንጫ፣ ስታንሊ ካፕን፣ አራት ጊዜ አነሳ፤ በ1997፣ በ1998፣ በ2002 እና በ2008። የመጨረሻውን የተቀበለው አምበል ሆኖ ነው፤ በአውሮፓ ተኮትኩቶ ያደገ ተጫዋች በአምበልነት ያንን ዋንጫ ሲያነሳ የመጀመሪያው እሱ ነው። ለምርጥ ተከላካይ የሚሰጠውን የኖሪስ ሽልማት ሰባት ጊዜ ወሰደ። በ2006 በቱሪን ኦሎምፒክ ፍጻሜ ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ በተጀመረ በ10ኛው ሰከንድ ፊንላንድ ላይ አግብቶ ለስዊድን 3 ለ 2 ወርቅ አመጣ።

ይህን ሁሉ ልጆቻችሁም ያውቁታል። በስልካቸው ደጋግመው የሚያዩት ግን አንዲት ግብ ነው። በ2002 የጥሎ ማለፍ ውድድር ዲትሮይት በቫንኩቨር ሁለት ጨዋታ ተሸንፎ ወደ ቫንኩቨር ሲሄድ፣ ሊድስትረም ከመሃል ሜዳ የመታት ፓክ፣ ያቺ ጠፍጣፋ የጎማ ክብ፣ ግብ ጠባቂውን አታልላ ገባች። ግሩም ግብ ናት። ነገር ግን ሰውየውን ሰውየው ያደረገችው እሷ አይደለችም፤ እኔም ዛሬ የመጣሁት ይህን ለመናገር ነው። እኛ ተከላካይን የምንለካበት መለኪያ የተሳሳተ ነው። ባገባው ግብና በጣለው ሰው ብዛት እንለካዋለን። ተከላካይ ግን የሚለካው እንዳይሆን ባደረገው ነገር ነው፤ ባልተመታው ፓክ፣ ባልደረሰው ቅብብል፣ መስመሩን ባላለፈው አጥቂ።

የ1997ቱን የስታንሊ ካፕ ፍጻሜ እናስታውስ። ፊላደልፊያ ፍላየርስ ያኔ ሰው የሚያስፈራ የፊት መስመር ነበረው፤ ኤሪክ ሊንድሮስ፣ ጆን ለክሌር እና የኛው ስዊድናዊ ሚካኤል ሬንበርግ። ሊንድሮስ ቁመቱ 193 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱ ከ100 ኪሎ በላይ። ዲትሮይት ዋንጫውን ካነሳ 42 ዓመት አልፎታል። ሰው ሁሉ የጠበቀው አሰልጣኙ ስኮቲ ቦውማን በኃይለኛ ግጭቱ የሚታወቀውን ቭላድሚር ኮንስታንቲኖቭን እነዚህ ግዙፎች ላይ እንዲያሰማራው ነበር፤ ጉልበትን በጉልበት። ቦውማን ግን ሊድስትረምንና ላሪ መርፊን አቆመባቸው። አንዳቸውም በግጭት የሚታወቁ አልነበሩም። ሊድስትረም ክብደቱ 86 ኪሎ ገደማ ነው።

ለምን እንዲህ አደረገ? የእነ ሊንድሮስ ጉልበት የሚሠራው ጥግ ላይ፣ ሜዳውን በከበበው አጥር ሥር ነው። ፓኩን ወደ ጥግ ይጥሉታል፤ ተከላካዩን አጥሩ ላይ ያጣብቁታል፤ ነጥቀው ወደ ግብ ያዞሩታል። እነሱ ሳይደርሱ ፓኩን አንስቶ በአንድ ቅብብል ከክልሉ የሚያወጣ ሰው ካገኙ ግን የሚገጩት አይኖርም። ሁለቱ ተከላካዮች ያደረጉት ይህንኑ ነው፤ ቀድመው ደረሱ፣ ቀድመው አቀበሉ። ዲትሮይት አራቱንም ጨዋታ በተከታታይ አሸነፈ። ሊንድሮስ በአራቱም ጨዋታ አንድ ግብ ብቻ አገባ፤ እሷም በመጨረሻው ጨዋታ የመጨረሻ ደቂቃ ላይ፣ ነገሩ ካለቀ በኋላ።

እንዲህም ሆኖ ሊድስትረም የኖሪስን ሽልማት ለመጀመሪያ ጊዜ ያገኘው በ2001 ነው፤ በ10ኛው የውድድር ዘመኑ፣ ሦስት ዓመት ተከታትሎ ሁለተኛ ከወጣ በኋላ። በሙያው ዘመን ሁሉ የተቆጠረበት ከሜዳ የመውጣት ቅጣት 514 ደቂቃ ነው። ለ1,564 ጨዋታ ስታካፍሉት በአንድ ጨዋታ 20 ሰከንድ አይሞላም።

ታዲያ ልጆቻችን ሲጫወቱ ከመቀመጫው ተነስቶ “ግጨው! ግጨው!” እያለ የሚጮኸው ማን ነው? እኛ ነን! መኪና ውስጥ ገና ቀበቶውን ሳያስር “ስንት አገባህ?” ብሎ የሚጠይቀው ማን ነው? እኛው ነን! ዓመት በመጣ ቁጥር ዋንጫውን ለግብ አግቢው ሸልመን፣ ሲንሸራተት ደከም ያለውን ልጅ “አንተ ከኋላ ቁም” ብለን ተከላካይ እናደርገዋለን። ይህ በልጁም በጨዋታውም ላይ የሚሠራ በደል ነው! ወደኋላ እየተንሸራተተ ወደፊት የሚመጣን አጥቂ መቆጣጠር በዚህ ስፖርት ውስጥ ከሁሉ የከበደ ሥራ ነው። ከኋላ መቆም ያለበት ከሁሉ የተሻለ የሚንሸራተተው ልጅ ነው።

ሥራውን በቅርብ እንየው። አጥቂ ፓክ ይዞ ሲመጣ መሃል ሜዳ ላይ በሁለቱ መካከል ሁለት የዱላ ርዝመት ያህል ይኑር፤ የመከላከያ ክልላችን የሚጀምርበት ሰማያዊው መስመር ላይ ሲደርሱ ወደ አንድ ይጥበብ። ዱላው በአንድ እጅ፣ ክርን ታጥፎ፣ ጫፉ በረዶውን እየነካ። ክርኑን አስቀድሞ የዘረጋ ልጅ የሚደርስበትን ርቀት ለአጥቂው አሳይቶታል። ዓይን ደረት ላይ ይሁን እንጂ ፓክ ላይ አይሁን፤ እጅም ራስም ያታልላሉ፣ ደረት ግን አያታልልም። የተከላካዩ የውጭ ትከሻ ከአጥቂው የውስጥ ትከሻ ጋር ትይዩ ከሆነ ወደ መሃል የሚወስደው መንገድ ይዘጋል፤ የሚቀረው ወደ አጥሩ የሚያመራው ብቻ ነው።

የሚበላሸውም እዚሁ ላይ ነው። ልጁ ወደኋላ መንሸራተቱን ስለማያምን ቀድሞ ይሸሻል፤ አጥቂው መስመሩን ያለ ተቀናቃኝ ያልፋል፣ ለመምታትም ጊዜ ያገኛል። ሌላው ስህተት ወደኋላ ሲሄድ እግርን አቋርጦ መርገጥ ነው፤ እግሩ በተቋረጠባት ቅጽበት አጥቂው በተቃራኒው ጎን ካለፈ መመለሻ የለውም። ሦስተኛው ያው “ግጨው” የሚለው ጩኸታችን የሚያመጣው ነው። ልጁ ዘሎ ይሄዳል፣ ይስታል፣ ግብ ጠባቂው ብቻውን ይቀራል። እዚህ የምንጫወትባቸው ብዙዎቹ ሜዳዎች ደግሞ 30 ሜትር ይሰፋሉ፤ የኤንኤችኤሉ 26 ሜትር ያህል ነው። በሰፊ ሜዳ ላይ እስከ አጥሩ ድረስ አጥቂ የሚያሳድድ ተከላካይ መሃሉን ወለል አድርጎ ይከፍታል። መድኃኒቱ በየልምምዱ 10 ደቂቃ ያለ ፓክ ወደኋላ መንሸራተት ነው። ልጆች አይወዱትም። ግድ የለም፣ ያድርጉት።

ከአጥር ሥር ፓክ ለማንሳት ሲሄዱ ደግሞ ከመድረሳቸው በፊት ሁለት ጊዜ በትከሻቸው ላይ ወደኋላ ይዩ። ፊትን ወደ አጥር አዙሮ ከአጥሩ አንድ ወይም ሁለት ሜትር ርቆ መቆም ከሁሉ የከፋ አደጋ ነው፤ ከኋላ የተገፋ ልጅ በራሱ አጥሩን ይመታል፣ አንገቱም ይጎዳል። ወይ አጥሩን ተጠግቶ ጎኑን ይስጥ፣ ወይ ጭራሽ አይሂድ። አንዱ ተከላካይ ጥግ ሲሄድ ሌላው ግቡ ፊት ይቆያል፤ ሁለቱም አብረው አይሄዱም።

ስለ ዕቃ ባጭሩ፤ ዱላ ልጁ የበረዶ መንሸራተቻ ጫማውን አድርጎ ሲቆም አገጩ ድረስ ይድረስ። “ያድግበታል” ብላችሁ ረጅም አትግዙ፤ በአንድ እጅ ሊቆጣጠረው አይችልም። ጫማውም እንዲሁ፤ ተረከዙ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ከሆነ ወደኋላ መንሸራተት አይማርም።

አሁን የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው። በዚህ ዓመት መጨረሻ ከግብ አግቢው ሽልማት ጎን እኩል የሆነ የተከላካይ ሽልማት እንስጥ። ለዚህ የሚቆጠሩት ሦስት ነገሮች ናቸው፦ ሰማያዊው መስመር ላይ ያስቆማቸው አጥቂዎች፣ ከክልሉ ሲወጣ ለባልደረባው የደረሱ የመጀመሪያ ቅብብሎች፣ ቡድኑን በሰው ያጎደሉ ቅጣቶች። በየጨዋታው ለአንድ ቡድን ሁለት ወላጆች ቢቆጥሩ ይበቃል። የመመዝገቢያው ወረቀት መውጫው በር አጠገብ ያለው ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ከመሄዳችሁ በፊት ስማችሁንና የምትችሉበትን ቀን ጻፉ። አመሰግናለሁ።