ኪስ የሌለው ልብስና ነጯ ሣጥን

ክቡራትና ክቡራን፣ እንደምን አመሻችሁ።

ዛሬ የማወራችሁ መዳፍ ላይ ስለምታርፍ ትንሽ ሣጥን ነው። ጃፓኖች ኢንሮ ይሏታል። የድሮውን ድርብርብ ምሳ ዕቃ አስቡ፤ ብዙ ጊዜ ከሦስት እስከ አምስት ክፍል አንዱ በሌላው ላይ ይገጥማል። ምሳ ግን አትይዝም፣ የጣት ቁመት ነው ያላት።

ነገሩ የመጣው ከኪስ እጦት ነው። ኪሞኖ የሚባለው የጃፓን ባህላዊ ልብስ ኪስ የለውም። እናቶቻችን ሳንቲም መቀነታቸው ላይ ይቋጥሩ የለ? የጃፓን ወንዶችም ዕቃቸውን መቀነታቸው ላይ ያንጠለጥሉ ነበር። ክሩ በሣጥኗ ግራና ቀኝ ያልፋል። ኦጂሜ የምትባል ዶቃ ክፍሎቹ እንዳይላቀቁ ታጠብቃለች። ከመቀነቱ በላይ ደግሞ ኔትሱኬ የሚባል የተቀረጸ ማገጃ ሁሉንም ይይዛል። ኢንሮ የሚለው የሣጥኗ ስም የማኅተም ማስቀመጫ ማለት ነው። በኤዶ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. ከ1603 እስከ 1868 ባለው ጊዜ፣ ዋና ሥራዋ ግን መድኃኒት መያዝ ሆነ።

አብዛኞቹ ኢንሮዎች የተሠሩት ከእንጨትና ከላከር፣ ማለትም ከዛፍ ፈሳሽ ከሚገኝ ቅብ ነው። ቀላል ናቸው፣ እርጥበት አያስገቡም። ለመድኃኒት ከዚህ የተሻለ አይገኝም። ታዲያ አንዳንዱ ለምን በፖርሴሊን፣ ማለትም እንደ ሲኒ በሚሰበር ነጭ ሸክላ አሠራ? የቡና ሲኒ ገመድ አስራችሁ ወገባችሁ ላይ አንጠልጥሉና ታክሲ ተሳፈሩ እስቲ!

ለሠሪውም ፈተና ነው። ፖርሴሊን እሳት ውስጥ ሲገባ ይኮማተራል። አንዱ ክፍል ከሌላው ትንሽ ቢያንስ ወይም ቢጣመም አለቀ፤ አይገጥምም። ይህን የመሰለ ጥቃቅን ሥራ ከተካኑት መካከል በጃፓን ኪዩሹ ደሴት ሚካዋቺ በሚባል ቦታ የሚገኙት ሠሪዎች ነበሩ። የሙያው መሠረት ኮሪያውያን ናቸው። ጃፓን ኮሪያን በወረረችበት ከ1592 እስከ 1598 ባለው ጊዜ ተይዘው የመጡ ሸክላ ሠሪዎች። ይሄ ከውበቱ ጀርባ ያለ መራራ ታሪክ ነው፤ ዘልዬው ማለፍ አልፈልግም። ኋላ የአካባቢው የሂራዶ ግዛት ገዢዎች፣ የማትሱራ ቤተሰብ፣ ምድጃዎቹን ደገፉ። ሥራቸው ዛሬም ሂራዶ እየተባለ ይጠራል።

እኔ እንደሚመስለኝ ‘ለምን በፖርሴሊን?’ ለሚለው መልሱ መሰበሩ ላይ ነው። የሚሰበር ነገር ወገቡ ላይ ያንጠለጠለ ሰው ‘አልሮጥም፣ የሚገፋኝም የለም’ እያለ ነው። ላዩ ላይ ካለው ሥዕል በፊት የሚናገረው ዕቃው ራሱ ነው።

ሥዕሉም ቢሆን ዝም አይልም። ካርፕ የተባለው ዓሣ ፏፏቴ ሲወጣ ካያችሁ፣ በአፈ ታሪክ ታግሎ ዘንዶ የሚሆነው ዓሣ ነው። ኤሊ ረጅም ዕድሜ ናት። እኔ የምወደው ግን የሂራዶን ሥዕል ነው፤ በነጭ ላይ በሰማያዊ የተሣሉ፣ ጥድ ሥር የሚጫወቱ ልጆች። ጥዱ ክረምት ከበጋ አይደርቅም፣ ልጆቹ የዘር በረከት ናቸው። ደስ የሚለው ግን ቁጥራቸው ነው። እንደሚባለው ሰባት ልጆች ያሉበት ዕቃ ለላይኞቹ ሹማምንት ነበር፤ አምስትና ሦስት ያሉበት ደግሞ ከዚያ በታች ላሉት። እስቲ አስቡት፣ ጨዋታ ላይ ያለ ሕፃን ሳይቀር ማዕረግ ይቆጥራል!

የቤተሰብ ምልክትም ነበረ። በኤዶ ዘመን ጃፓንን የገዙት የቶኩጋዋ ቤተሰብ ምልክት በክብ ውስጥ ያሉ ሦስት አኦይ የሚባል ተክል ቅጠሎች ናቸው። በጃፓን ቴሌቪዥን ለአሥርት ዓመታት በታየ አንድ ድራማ፣ ተራ መንገደኛ የሚመስሉ ሽማግሌ ይህ ምልክት ያለበት ኢንሮ ሲወጣላቸው፣ ሲያስቸግር የቆየው ሁሉ መሬት ላይ ይደፋል። ያቺ የላከር ናት። የፖርሴሊኗን ለእንዲህ ያለ ግርግር ማን ያወጣታል?

ከ1868 በኋላ ኮትና ሱሪ መጣ። ኮት ኪስ አለው። ኢንሮ ከወገብ ወርዳ ወደ አውሮፓ ሰብሳቢዎች የመስታወት ቁም ሣጥን ገባች። መድኃኒቱም ኪስ ውስጥ ገባ።

ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ። ጥያቄ ያለው ይጠይቀኝ።