የኮምፒውተሩ ክፍል ቁልፍ

የተከበራችሁ የትምህርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊዎች፣ ሱፐርቫይዘሮች፣ ርእሳነ መምህራን፣ የወላጅ፣ መምህርና ተማሪ ኅብረት ተወካዮች፣ ውድ የሙያ ባልደረቦቼ፤ እንደምን አደራችሁ።

የተሰጠኝ ርእስ «ተማሪዎችንና መምህራንን ለኦንላይን ፈተና ማዘጋጀት» የሚል ነው። ርእሱ ሰፊ ነው። እኔ ግን አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ነገር ላይ እንደማጠፋው ከወዲሁ ልንገራችሁ። እርሱም የኮምፒውተር ክፍላችን ቁልፍ ነው።

ወደ ኦንላይን ፈተና ለምን እንደመጣን እዚህ የተቀመጥን ሁሉ እናውቃለን። በ2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል የእንግሊዝኛው ፈተና ሾልኮ በማኅበራዊ ሚዲያ ሲሰራጭና አገር አቀፉ ፈተና ሲሰረዝ፣ ሲያለቅሱ የነበሩትን ልጆች ያባበልነው እኛ ነን። ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ጀምሮ ልጆቻችንን ሻንጣ አስይዘን እዚያው እንዲፈተኑ ወደ ዩኒቨርሲቲ የሸኘነውም እኛው ነን። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የተወሰኑት የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ለመጀመሪያ ጊዜ በኮምፒውተር ተፈተኑ። ወረቀት ማተሙ፣ ማጓጓዙ፣ ማስጠበቁ ይቀልላል፤ ለስርቆት የሚከፈተው ቀዳዳም ይጠባል። በዚህ ላይ ክርክር የለኝም። ኦንላይን ፈተናን ሲያወግዝ እንሰማለን ብሎ የመጣ ካለ ይቅርታ ያድርግልኝ።

የእኔ ክርክር የሚጀምረው ልጁ ኮምፒውተሩ ፊት ከተቀመጠ በኋላ ነው።

ባለፈው ዓመት በአንድ ትምህርት ቤት የሙከራ ፈተና ሲሰጥ ለማገዝ ገብቼ ነበር። ከፊት ረድፍ የተቀመጠች ተማሪ እጇን አወጣች። ከክፍሏ አንደኛ የምትወጣ፣ መምህራኖቿ የሚመኩባት ልጅ ናት። ጠጋ ብዬ «ምን ሆንሽ?» አልኳት። ማውሱን ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አጥብቃ እንደያዘች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «መምህር፣ ጠረጴዛው አለቀብኝ» አለችኝ። ጠቋሚው ገና ስክሪኑ መሀል ላይ ነው፤ «ቀጣይ» የሚለው ቁልፍ ያለው ደግሞ ቀኝ ጥግ ነው። ማውሱን ከፍ አድርጎ አንሥቶ ወደ መሀል መመለስ እንደሚቻል የነገራት ሰው አልነበረም። ከኋላዋ የቆመው ፈታኝ ሳቀ። አሳየኋትና ቀጠለች።

የባሰው ከዚያ በኋላ መጣ። የእንግሊዝኛው ምንባብ ረጅም ስለነበር ግማሹ የሚታየው ገጹን ወደ ታች ሲያወርዱት ነው። ልጅቷ ስክሪኑ ባለቀበት ምንባቡም ያለቀ መሰላት። በግማሽ ምንባብ ጥያቄዎቹን በሙሉ መለሰች። ውጤቱ ሲታይ መምህሯ «ለካ ማንበብ ላይ ደካማ ናት» አሉ። የትኛውን ማንበብ? ዓይኗ ያላረፈበትን?

ይህችው ተማሪ በ9ኛ ክፍል የአይሲቲ፣ ማለትም የኮምፒውተር ትምህርት፣ ፈተና ላይ «ማውስ የግብዓት መሣሪያ ነው» ብላ በትክክል መልሳለች። ኪቦርዱን በጠመኔ ሰሌዳ ላይ ሣልንላት፤ እርሷም ከነፊደሎቹ ወደ ደብተሯ ገለበጠችው። አስተማርን ተባለ።

ትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር አጥቶ ነው እንዳትሉኝ። ነበረው። ክፍሉ ጫማ አውልቀው የሚገቡበት ነው። ኮምፒውተሮቹ በልካቸው የተሰፋ ጨርቅ ለብሰዋል። ጨርቁ የሚገለጠው እንግዳ ሲመጣ ነው፤ እንግዳው ይጎበኛል፣ ፎቶ ይነሣል፣ ጨርቁ ይመለሳል። ተማሪ የሚገባው ለማጽዳት ነው። ወለሉን ይወለውላል፣ ጨርቁን አራግፎ መልሶ ያለብሳል፣ ይወጣል፣ በሩ ይቆለፋል። የምናገረው ስለ አንድ ትምህርት ቤት ብቻ እንዳልሆነ ደግሞ ፊታችሁ ይነግረኛል።

ቁልፉን በያዘው ሰው ላይ አልፈርድም። ሞዴል 22 በሚባለው የንብረት ቅጽ ፈርሞ የተረከበው ንብረት ነው። አንድ ማውስ ቢጠፋ የሚጠየቀው እርሱ ነው፤ ከደመወዙ ሊቆረጥበት ይችላል። ትምህርት ቤቱ በሙሉ ኮምፒውተር ሳይነካ 12ኛ ክፍልን ቢጨርስ ግን የሚጠየቅ የለም። ለጠፋ ማውስ ቅጽ አለን፤ ለጠፋ የተማሪ ውጤት ግን ቅጽ የለንም! ኪቦርዱ ያረጀ፣ ፊደሉ የተፋቀ ትምህርት ቤት ስታዩ አመስግኑልኝ፤ ንብረቱ ሥራ ላይ ውሏል ማለት ነው። ከዓመታት በኋላም ሁሉ ነገሩ አዲስ የሆነበትን ትምህርት ቤት ስታዩ ግን ኃላፊውን አስጠሩና ጠይቁልኝ!

የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ውጤት ሲወጣ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸውን የሰማን ዕለት የያዘንን ድንጋጤ አልረሳነውም። ያ ውጤት መራራ ነበር፤ ቢያንስ ግን ወረቀትና እርሳስ ጣለን ያለ ተማሪ አልነበረም። ነገ አንዲት ልጅ ስትወድቅ ወላጇ መጥቶ «የጣላት ፊዚክሱ ነው ወይስ ማውሱ?» ቢለን ምን እንመልሳለን?

ነገሩ በእኛ አገር ብቻ የታየ አይደለም። በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2015 እና በ2016 አንዱን ፈተና ከፊሎቹ ትምህርት ቤቶች በወረቀት፣ ከፊሎቹ በኮምፒውተር ሰጡ። ተመራማሪዎች ሲያጠኑት በኮምፒውተር የተፈተኑት ዝቅ ያለ ውጤት አግኝተዋል፤ ጉድለቱም ከሒሳብ ይልቅ በቋንቋ ፈተና ላይ የከፋ ነበር። በሁለተኛው ዓመት ግን ጉድለቱ ቀነሰ። ሌላ ምሥጢር ያለው አይመስለኝም፤ ልጆቹ መሣሪያውን ለመዱት። የእኛ ልጆች ግን የ12ኛ ክፍልን ፈተና ለመልመጃ የሚሆን ሁለተኛ ዓመት የላቸውም። መልመድ ያለባቸው ከዚያ በፊት ነው።

ስለዚህ ፈተናው ሁለት ሳምንት ሲቀረው ተማሪ ሰብስቦ «ይህ ማውስ ነው፣ ይህ ኪቦርድ ነው» ማለትን ዝግጅት ብለን ሪፖርት አንጻፍ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ በየሴሚስተሩ ቢያንስ አንዱ የክፍል ፈተና በኮምፒውተር ይሰጥ። ኮምፒውተሩ ካነሰ ተማሪው በፈረቃ ይግባ። ኢንተርኔት ከሌለም ክፍሉ ውስጥ ባለ አንድ ሰርቨር፣ ማለትም ሌሎቹ በሚገናኙበት ዋና ኮምፒውተር፣ ማስፈተን ይቻላል።

ወደ እኛ ወደ መምህራኑ ልምጣ። ይህ የአይሲቲ መምህሩ ሥራ ብቻ አይደለም። በወረቀት ሲፈተን የኖረ ተማሪ ሥዕሉ ላይ ማዕዘኑን ይጽፋል፣ መስመር ያሰምራል፣ ጠርዙ ላይ ያሰላል። ስክሪን ላይ ይህን ማድረግ አይችልም፤ ሥዕሉን ወደ ማስሊያ ወረቀቱ መገልበጥ አለበት። ይህን የሚያለማምደው የሒሳብና የፊዚክስ መምህሩ ነው። ረጅም ምንባብን ወደ ላይና ወደ ታች እያመላለሱ ማንበብን የሚያሳየው የእንግሊዝኛ መምህሩ ነው። የዘለሉትን ጥያቄ ምልክት አድርጎ መመለስን፣ የቀረውን ሰዓት መከታተልን፣ ማሽኑ ቀጥ ቢል ሳይደናገጡ እጅ ማውጣትን ሁላችንም ማስተማር እንችላለን። ለዚህ ግን አስቀድመን ራሳችን ተቀምጠን እንፈተን። ተፈትኖበት በማያውቀው መንገድ ሌላውን የሚያዘጋጅ መምህር ያስቸግራል።

ስለ መብራት፣ ስለ ጄኔሬተርና ስለ ኔትወርክ ከእኔ በኋላ የሚናገሩ ባለሙያ ስላሉ አልፈዋለሁ። ለወላጆች አንድ ቃል ብቻ፦ ልጃችሁ ስልክ ላይ ጣቱ ስለፈጠነ ኮምፒውተር ለምዷል አትበሉ። ስክሪን መንካትና ማውስ መያዝ የተለያዩ ናቸው።

ከሰዓት በኋላ የቡድን ውይይት አለን። የመጀመሪያው አጀንዳ የኮምፒውተር ክፍሎች የመክፈቻ ሰዓት እንዲሆን እጠይቃለሁ። እያንዳንዱ ርእሰ መምህር ክፍሉ በሳምንት ስንት ሰዓት ለተማሪ ክፍት እንደሚሆን በጽሑፍ ያስገባ። ጽሕፈት ቤቱም በአገልግሎት ላይ እያለ ለተበላሸ ዕቃ መምህሩና ንብረት ክፍሉ ከኪሳቸው እንደማይከፍሉ የሚገልጽ ደብዳቤ ይጻፍልን። ደብዳቤው በእጃችን ከገባ ሰኞ ጠዋት ጨርቁን እናነሣለን።

አመሰግናለሁ።