ፎቶው የማን ነው?

ክቡራን እንግዶች፣ ተመራቂ ልጆቼ፣ እንኳን ደስ አላችሁ!

አዘጋጆቹ ስለ ኦንላይን ንግድ ዕድልና ፈተና ይናገሩ ብለው አሥር ደቂቃ ሰጥተውኛል። ዕድሉን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። እኔ የመጣሁት ስለ አንድ ነጠላ ላወራ ነው።

ቅዳሜ ገበያ ሸማ ስሸጥ ብዙዎቻችሁ ከእናታችሁ ጋር እየመጣችሁ አይታችሁኛል። የሸማ ነጋዴ በነጠላ ተሸወደች ቢባል ማን ያምናል? ተሸውጃለሁ። አምና ጥምቀት ሲቃረብ ወገቤን አሞኝ ቤት ዋልኩ። ልጄ ቴሌግራም ላይ አንድ ነጠላ አሳየችኝ። ጥለቱ ልቅም ያለ! «የእጅ ሥራ፣ ኦርጅናል፣ ዋጋ በውስጥ መስመር» ይላል። ጠየቅን፤ 2,800 ብር፣ ቅድሚያ በቴሌብር። ላክን።

የከተራ ዕለት በፌስታል መጣ። ገና እጄ ሲነካው ጠረጠርኩ፤ ያንሸራትታል። ጥጥ እንዲህ አያንሸራትትም። ገለበጥኩት። ጀርባው ነጭ! የተሸመነ ጥለት ቀለሙ ከድሩ ጋር ስለሚያያዝ ከኋላም ይታያል። ይሄ የታተመ ነው። ዘርፉም በእጅ አልተቋጨም፣ በመኪና ተዘምዝሟል።

ልጄ ለሻጩ ደወለች። «እህት፣ ፎቶው እኮ ለማሳያ ነው» አላት። የምን ማሳያ? ስትጨቀጭቀው ብሎክ አደረጋት። እኔም በማግስቱ አሮጌ ነጠላዬን ለብሼ ወደ ፋሲል መዋኛ ወረድኩ።

ብሩስ ይቅር። ፎቶው ላይ ያለውን ነጠላ የሠራ ሸማኔ አለ። እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ከትቶ፣ ቀኑን ሙሉ መወርወሪያ ሲያመላልስ የሚውል ሰው። የእሱን ላብ አሳይተህ የፋብሪካ ጨርቅ ትልካለህ? ስሙን እንጥራው፤ ሌብነት ነው! ልጆቼ፣ እጃችሁ ላይ ያለውን ዕቃ ራሳችሁ ፎቶ አንሱ። እድፍ ካለው እድፉንም አንሱ። ከሌላ ቻናል የተለቀመ ፎቶ ለጥፎ ነጋዴ ነኝ የሚል እኔ ፊት አይቁም!

ሕግ አለ፤ አዋጅ ቁጥር 813/2006። ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው በ15 ቀን ውስጥ ይቀየርልኝ ወይም ብሬ ይመለስ ማለት ይችላል። ግን ብሎክ ያደረገህን ሰው የት ሄደህ ትጠይቀዋለህ? የእኔ መደብ ይታወቃል። የተቀየመ መጥቶ ይጮህብኛል፤ ጮኸውብኝም ያውቃሉ።

«ዋጋ በውስጥ መስመር» የሚሉትንም ነገር ተዉት። ዋጋ ምን ምስጢር አለው? ስለ ዴሊቨሪም ልል ነበር፤ ሰዓቴን እያሳዩኝ ነው።

ነጠላውን ይዤው መጥቻለሁ። ከፊት ወንበር ጀምራችሁ ተቀባበሉት፤ እየገለበጣችሁ ጀርባውን እዩ። ስትጨርሱ መልሱልኝ፤ 2,800 ብር የከፈልኩበት ነው።