የያዘ የዙም ሌንስ፦ ካቻቪቴ ከማንሳታችን በፊት

[ምስል፦ አንድ እጅ የዙም ቀለበት ያዞራል፤ ቀለበቱ መሀል ላይ ቀጥ ይላል።]

የዙም ቀለበቱን ስታዞሩት መሀል ላይ ቀጥ አለ። ወይም ይዞራል፣ ግን ውስጡ ኮረት ያለ ይመስል ይፋጫል። ወይም ደግሞ ምንም ድምፅ የለውም፣ ዝም ብሎ ከብዷል። ሦስቱንም "ሌንሴ ያዘ" እንላቸዋለን። ነገር ግን ሦስት የተለያዩ ችግሮች ናቸው፤ መፍትሔያቸውም አንድ አይደለም። ስለዚህ ዛሬ ብሎን ለመፍታት አንቸኩልም። መጀመሪያ በጣታችን እንመርምር። ከያዙ ሌንሶች ብዙዎቹ ሳይፈቱ ይስተካከላሉ፤ የሚበላሹት ባልሆነ ሰዓት ሲፈቱ ነው።

ከሁሉ በፊት የሌንሱን ጎን እዩ። እንደ 18-200 ሚሊ ሜትር ያሉ ረጃጅም ዙሞች ብዙ ጊዜ ሎክ የሚል ትንሽ ማንሸራተቻ አላቸው። ሌንሱ አንገት ላይ ሲንጠለጠል በራሱ ክብደት ተንሸራቶ እንዳይወጣ የተሠራ ነው። ቦርሳ ውስጥ ተነካክቶ ሳታውቁት ሊቆለፍ ይችላል። አንዳንድ የኒኮን 18-55 ሌንሶችም ታጣፊ ናቸው። ቀለበቱ ላይ ያለውን ቁልፍ ካልተጫናችሁ ከታጠፉበት አይከፈቱም። ብርድ ላይ ቆይታችሁ ከሆነም ትንሽ ታገሡ። ግሪስ ሲቀዘቅዝ ይጠጥራል። ሌንሱ ቦርሳው ውስጥ እንዳለ ቀስ ብሎ ይሙቅ፤ ከብርድ በቀጥታ ሙቀት ውስጥ ከገባ እርጥበት ይቋጥራል።

[ሥዕል፦ ሌንሱ ለሁለት ተከፍሎ ውስጡ ሲታይ]

አሁን ውስጡን እንይ። ከዙም ቀለበቱ ስር አንድ ክብ ቱቦ አለ። ቱቦው ላይ እየተጠማዘዙ የሚሄዱ ቦዮች ተቀርጸዋል። በቦዮቹ ውስጥ በብሎን የታሰሩ ትንንሽ ሮለሮች ይሄዳሉ። ሮለሮቹ የያዙት መስታወቶቹን ነው። ቀለበቱን ስታዞሩ ቱቦው ይዞራል፤ ሮለሮቹ ቦያቸውን ተከትለው መስታወቶቹን ወደፊት ወይም ወደኋላ ይወስዳሉ። ሮለሮቹ አብዛኛውን ጊዜ በዙሪያው ሦስት ሦስት ሆነው ይቀመጣሉ። ከሦስቱ አንዱ ከላላ መስታወቱ ዘንበል ይልና ይነክሳል። መሳቢያን በአንድ ጥግ ብቻ ስትጎትቱት የሚሆነው ማለት ነው።

ይህን ካወቃችሁ ጣታችሁ ብዙ ነገር ይነግራችኋል። ቀለበቱን በቀስታ፣ ሳትታገሉት፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ አዙሩ። ሁልጊዜ እዚያው አንድ ቦታ ላይ፣ ስትሄዱም ስትመለሱም የሚይዝ ከሆነ፣ ወይ ሮለር ላልቷል ወይ ሌንሱ ወድቆ ቱቦው ተጣሟል። የሚያፋጭ ከሆነ አሸዋ ነው። ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል ከከበደ ግሪሱ ደርቋል። ቀለበቱ እየዞረ ሌንሱ ካልተንቀሳቀሰ ደግሞ የላይኛው ጎማ ለቅቆ ለብቻው እየዞረ ሊሆን ይችላል። ይህኛው ቀላሉ ነው። ጎማውን አውጥቶ፣ ስሩን አጽድቶ፣ በስስ ባለ ሁለት ገጽ ፕላስተር መልሶ ማጥበቅ ነው።

አሸዋው ላይ ግን ልቆይ፣ ምክንያቱም ሌንስ የሚገደለው እዚህ ጋ ነው። ሰው አሸዋ ሲሰማ የመጀመሪያ ሥራው ደጋግሞ ማዞር ነው፤ "ይለቃል" ብሎ። አይለቅም። እያንዳንዱ ዙር አሸዋውን ወደ ቦዩ ይገፋዋል፤ ቦዩንም ይቧጭረዋል። የተቧጨረ ቦይ ደግሞ በኋላ ብታጸዱትም አይድንም። ስለዚህ ማዞር አቁሙ።

[ምስል፦ ሌንሱ ፊቱን ወደ ታች አድርጎ ተይዟል፤ በእጅ የሚጨመቅ የጎማ መንፊያ አየር ይነፋል።]

ሌንሱን እስከሚሄድበት ድረስ ብቻ ዘርጉት። ፊቱን ወደ መሬት አዙሩና በእጅ በሚጨመቅ የጎማ መንፊያ ክፍተቱን ዙሪያውን ንፉ። ፊቱ ወደ ታች የሆነው የሚወጣው አሸዋ ተመልሶ እንዳይገባ ነው። በቆርቆሮ የታሸገ የአየር ስፕሬይ አልመክርም። ኃይሉ አሸዋውን ወደ ውስጥ ይነዳዋል፤ አንዳንዴም ፈሳሽ ይተፋል። ከዚያ ለስላሳ ብሩሽ። ከዚያ ቀጭን የወረቀት ቁራጭ ወስዳችሁ ጫፉን በጥቂቱ አይሶፕሮፒል አልኮል አርጥቡና በክፍተቱ ዙሪያ አስኪዱት። ወረቀቱ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ካያችሁ እየወጣ ነው። ወረቀት ቀይሩ፣ ድገሙት። እንደገና ንፉ፣ ትንሽ አዙሩ፣ አዳምጡ። ትዕግሥት የሚጠይቅ ሥራ ነው፤ ቢሆንም ብዙ ጊዜ ይሳካል።

አንድ ነገር ግን በፍጹም አታድርጉ። ደብሊውዲ-40 ወይም ሌላ ዘይት ክፍተቱ ውስጥ አትንፉ። ለአንድ ቀን ይለሰልሳል፣ እውነት ነው። ዘይቱ ግን ከነፋችሁበት ቦታ አይቆምም። እየተሳበ የአፐርቸሩ፣ ማለትም የብርሃን ማስገቢያው፣ ቅጠሎች ላይ ይደርሳል። ቅጠሎቹ ይጣበቁና በጊዜ መዝጋት ያቅታቸዋል፤ ፎቶዎቻችሁ ከልክ በላይ ነጭ ይሆናሉ። የዙም ችግር ይዛችሁ ጀምራችሁ የባሰውን ጨመራችሁ ማለት ነው።

ይህ ሁሉ አልበቃም እንበል። ጎማውን አውጡ። በፕላስቲክ ወይም በስቴኪኒ ጠርዙን አንሥታችሁ ዙሪያውን ፈልቅቁት። በብዙ ሌንሶች ከስሩ ፕላስተር ታገኛላችሁ፤ ከፕላስተሩ ስር ደግሞ የሮለሮቹ ብሎኖች የሚታዩባቸው ቀዳዳዎች አሉ። የላላውን ብሎን እዚሁ ማጥበቅ ይቻላል፣ ሌንሱን ሳትበትኑ። ለእኔ የዚህ ሥራ ትልቁ ደስታ ይህ ነው።

ስለ ካቻቪቴው አንድ ነገር። የጃፓን ሌንሶች ብሎን መስቀለኛ ስለሆነ ተራ የመስቀል ካቻቪቴ የሚሆን ይመስላል። አይሆንም። ጄአይኤስ በሚባለው የጃፓን ደረጃ የተሠራው ካቻቪቴ ጫፉ ይለያል። ተራው ይንሸራተትና የብሎኑን ራስ ይበላዋል። ራሱ የተበላ ትንሽ ብሎን ከሌንስ ላይ ማውጣት ከጥገናው ይብሳል። ጄአይኤስ 00 እና 000 ይኑራችሁ።

ከኋላ በኩል፣ ከካሜራው ጋር የሚገጥመውን የብረት ቀለበት መፍታት ካለባችሁ፣ ከእያንዳንዱ እርምጃ በፊት በስልክ ፎቶ አንሡ። ቀለበቱ ስር ሺም የሚባሉ እንደ ወረቀት የሳሱ ብረቶች ልታገኙ ትችላላችሁ። ትርፍ አይደሉም። በሌንሱና በሴንሰሩ፣ ማለትም ካሜራው ውስጥ ምስሉን በሚቀበለው ክፍል፣ መካከል ያለውን ርቀት የሚያስተካክሉ ናቸው። በካኖን ኢኤፍ ካሜራ ከሌንሱ መግጠሚያ እስከ ሴንሰሩ 44 ሚሊ ሜትር ነው፣ በኒኮን ኤፍ 46.5። ከዚህ ላይ የፀጉር ውፍረት ያህል ብታዛንፉ ፎከሱ ይናጋል። የትኛው የት እንደነበር ጽፋችሁ አስቀምጡ። ቀጫጭኑን ጠፍጣፋ ገመድ ደግሞ አትጎትቱት፤ መያዣውን በጥፍር አንሥታችሁ አላቁት።

የደረቀው ግሪስ በአልኮልና በጥጥ ይጸዳል። አሴቶን አታስነኩት፣ ፕላስቲክ ያቀልጣል። አዲሱ ግሪስ ለሌንስ የተሠራ ይሁን፣ መጠኑም በስቴኪኒ ጫፍ የሚያዝ። ቦዩ እንዲያብረቀርቅ ብቻ ነው የምንፈልገው።

ትንሿን የኪስ ካሜራ ግን እቤት አትፍቱ። ሌንሷና ፍላሿ አንድ አካል ውስጥ ናቸው። የፍላሹ ካፓሲተር፣ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው ክፍል፣ ወደ 300 ቮልት ይይዛል፣ ባትሪ ከወጣ በኋላም ጭምር። እጅን ክፉኛ ይመታል። እዚያ መንፊያና ብሩሽ ይብቃችሁ፤ ካልሆነ ለባለሙያ ስጡ።

[ምስል፦ ሌንሱ ካሜራ ላይ ተገጥሞ ሩቅ ሕንፃ ሲነሣ]

ከገጠማችሁ በኋላ ሩቅ ያለ ነገር በዙሙ ሁለት ጫፎች አንሡ። ፎቶውን አጉልታችሁ አራቱንም ጥጎች እዩ። አንዱ ጎን ብቻ ከደበዘዘ ወይ ሺሞቹ እኩል አልተቀመጡም፣ ወይ ከሦስቱ ሮለሮች አንዱ በደንብ አልጠበቀም። በሺሞቹ ጀምሩ፤ እነሱ ቅርብ ናቸው።