አልጠየቅከኝማ

ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለም፣ ብቻዬን ነኝ። ከጀርባ የሚሰማችሁ ዝናብ ነው፤ የአራት ኪሎ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ማይክ አይለየውም፣ ታገሱኝ።

ከሁለት ወር በፊት ቴሌግራም ላይ አንድ የካሜራ ሌንስ ለሽያጭ ወጥቶ አየሁ። ካኖን 50 ሚሊሜትር፣ 1.4። «ስላይትሊ ዩዝድ፣ መስታወቱ ንጹህ፣ ጭረት የለውም» ይላል። 28 ሺህ ብር። የሰርግ ሥራ ይዤ ስለነበር ልቤ ቸኩሏል።

ፒያሳ አንድ ካፌ ተቀጣጠርን። ልጁ ትሁት ነው፣ ማኪያቶ ጋበዘኝ። ሌንሱን ካሜራዬ ላይ ገጠምኩና ስኒውን አነሳሁ። አረፋው ላይ ያለችው ቡናማ መስመር ጥርት ብላ ወጣች። ከዚያ ወዲያ ምን ልፈልግ? በቴሌብር ላክሁ፣ አለቀ።

ቤት ገብቼ ከበረንዳ የቅድስት ሥላሴን ጉልላት ላነሳ ስል ሌንሱ «ግርር» አለና ቆመ። በእጄ አዞርኩት። የፎከስ ቀለበቱ መሃል ላይ ሲደርስ አሸዋ እንደገባበት ይንገራገጫል። ቅርብ ያለውን ያያል፣ ራቅ ሲል እምቢ። እኔ ደግሞ የሞከርኩት አፍንጫዬ ሥር ያለ ስኒ ላይ ነው! ካፌው በር ላይ ወጥቼ አንድ ሚኒባስ ባነሳ ኖሮ ያኔውኑ ይታየኝ ነበር።

አንድ ጠጋኝ አለ፣ ድሮ ፒያሳ ነበር፤ በ2016 ሰፈሩ ሲፈርስ ወደዚህ መጣ። ሌንሱን ጆሮው ላይ አድርጎ ቀለበቱን አንዴ አዞረ። «ይቺ ወድቃለች» አለኝ። ገና ሳይፈታት።

«በምን አወቅህ ጋሼ?»

ነገሩ እንዲህ ነው። ይሄ ሌንስ ከ1993 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተሸጠ ነው። ፎከስ ሲያደርግ የፊት አንገቱ ወደ ውጭ ይወጣል። ወጥቶ እያለ ፊት ለፊት ከተመታ ውስጥ ያለው ቀጭን መንሸራተቻ ይጣመማል፣ ሞተሯም ትንሽ ስለሆነች መግፋት ያቅታታል። መስታወቱ ግን ምንም አይሆንም። ለዚህ ነው የሚያውቁት ሰዎች ቦርሳ ከመክተታቸው በፊት አንገቱን የሚያስገቡት፣ ፊቱን ከግጭት የሚከልለውን ኮፍያ፣ ሁዱንም የማያወልቁት።

ልጁ ጋ ደወልኩ። «አልጠየቅከኝማ ብሮ» አለኝ። «የጻፍኩት ስለ መስታወቱ ነው። መስታወቱ ንጹህ አይደለም እንዴ?»

ነው። ያናደደኝ እሱ ነው። ማስታወቂያው ላይ አንድም ውሸት የለም!

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ሻጭን ለዕቃው ጉድለት ዋስ ያደርገዋል። ገዢም ዕቃውን ቶሎ መርምሮ ጉድለት ካገኘ ወዲያው ማሳወቅ አለበት። አሳውቄያለሁ። ግን ያለ ውል፣ ያለ ደረሰኝ፣ በ28 ሺህ ብር ማን ፍርድ ቤት ይመላለሳል? ተውኩት። እንደዚህ የሚተው ስንት ሰው እንዳለ ልጁም ሳያውቅ አይቀርም።

አሁን የማወራው ነገር ትንሽ ያሳፍረኛል። አምና አንድ ትራይፖድ፣ ባለ ሦስት እግር የካሜራ ማቆሚያ፣ ሸጫለሁ። አንድ እግሩ ክብደት ሲጫንበት ቀስ እያለ ይንሸራተታል። የገዛኝ ተማሪ ነው። ባዶውን አቆምኩለት፣ ቀጥ ብሎ ቆመ፣ ብሩን ተቀበልኩ። ማታ ባለቤቴ «ነገርከው?» ስትለኝ ምን እንዳልኳት ገምቱ። «አልጠየቀኝማ።» ያቺኑ ቃል። የተማሪውን ቁጥር ፈለግሁ፣ ስልክ ስቀይር ጠፍቷል።

ሌንሱ ተጠገነ፣ 6 ሺህ ብር ወጣ። ጉልላቱን አሁን ጥርት አድርጎ ያነሳል፣ ቀለበቱ ላይ ግን ትንሽ ሻካራነት ቀርቷል። ለሽያጭ አወጣሁት። የመጀመሪያው መስመር ላይ «ወድቃ የተጠገነች» ብዬ ጻፍኩ። ሁለት ቀን ማንም ዝር አላለም። በሦስተኛው ቀን፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ቃሏን ወደ ታች ላወርዳት ጣቴ ስክሪኑ ላይ ነበር።

ትናንት ማታ አንድ ልጅ ጻፈልኝ። ዋጋ አልጠየቀም። «ከየት ነው የወደቀችው?» አለኝ። የነገው ቀጠሮ ካፌ ውስጥ አይደለም፤ ቴዎድሮስ አደባባይ ነው፣ ሩቅ የሚታይበት።