ለመርሳት ሕመም የትኛው መድኃኒት፣ ለማን፣ እስከ መቼ?

[በምስሉ ላይ፦ ጠረጴዛ ላይ የተደረደሩ ስድስት የመድኃኒት እሽጎች፤ ከጎናቸው ባዶ ፌስታል።]

እነዚህ ስድስት መድኃኒቶች ከአንድ ፌስታል የወጡ ናቸው። ፌስታሉ የአክስቴ ነው። አክስቴ 78 ዓመቷ ነው፤ ከመርሳት ሕመም ዓይነቶች ዋነኛው የሆነው የአልዛይመር ሕመም እንዳለባት ከተነገረን ሁለት ዓመት አልፏል። እኔ ፋርማሲስት ስለሆንኩ ልጆቿ «እስቲ አንቺ እይልን፤ መድኃኒቱ በበዛ ቁጥር እሷ እየባሰባት ሄደ» ብለው ፌስታሉን ሰጡኝ፤ እኔም የማዘዣ ወረቀቶቹን በየቀናቸው ደርድሬ የእያንዳንዱን መድኃኒት አመጣጥ ተከተልኩ።

የመጀመሪያው ዶኔፔዚል ነው። የታዘዘላት ለመርሳቱ ሲሆን ምርጫውም ትክክል ነበር። ይሁን እንጂ ዶኔፔዚል በአንዳንድ ሰው ላይ ሽንትን ያጣድፋል፤ እሷንም ሽንቷ አላስቆም አላት። ይህ የመድኃኒቱ የጎንዮሽ ጉዳት ሊሆን እንደሚችል ሳይጠረጠር፣ በሌላ ቀን ያያት ሌላ ሐኪም ለሽንቱ ኦክሲቡቲኒን ጻፈላት። ኦክሲቡቲኒን ከጀመረች በኋላ ሆዷ ደረቀ፣ እንቅልፏ ተዛባ፤ ስለዚህ ለእንቅልፍ አሚትሪፕቲሊን ተጨመረ። ብዙም ሳይቆይ ማታ ማታ መጮህና በክፍሉ ውስጥ የሌሉ ሰዎችን ማየት ጀመረች፤ ለዚያ ሃሎፔሪዶል መጣ። ሃሎፔሪዶል ሰውነቷን አገተረው፣ እጇን አንቀጠቀጠው፤ ለመገተሩ ደግሞ ብዙ ሰው አርቴን በሚል ስም የሚያውቀው ትራይሄክሲፌኒዲል ታዘዘ። ስድስተኛው ለጉንፋን ያለ ማዘዣ የተገዛ ክሎርፌኒራሚን ነው። እያንዳንዱ ማዘዣ ለብቻው ሲታይ ምክንያት ነበረው፤ ሙሉውን ፌስታል ያየ ሐኪም ግን አልነበረም።

[በምስሉ ላይ፦ የሁለት ነርቭ ሕዋሳት መገናኛ።]

የአንጎል ሕዋሳት መልእክት ከሚለዋወጡባቸው ኬሚካሎች አንዱ አሴቲልኮሊን ይባላል። ለትኩረትና ለማስታወስ እጅግ አስፈላጊ ሲሆን፣ በአልዛይመር ሕመም ይህንን ኬሚካል የሚያመርቱ ሕዋሳት ቀድመው ከሚጎዱት መካከል ናቸው። ዶኔፔዚል አሴቲልኮሊንን የሚያፈርሰውን ኢንዛይም በማገድ የቀረው ጥቂት መጠን ቶሎ እንዳይባክን ያደርጋል። ኦክሲቡቲኒን፣ አሚትሪፕቲሊን፣ ትራይሄክሲፌኒዲልና ክሎርፌኒራሚን ግን፣ ኃይላቸው ይለያይ እንጂ፣ ሁሉም አሴቲልኮሊን መልእክቱን የሚያደርስበትን በር ይዘጋሉ። አክስቴ የምትውጠው አንድ መድኃኒት የሚሠራውን ሌሎቹ አራቱ ያፈርሱት ነበር ማለት ነው። እነዚህ መድኃኒቶች ወጣት ሰው ላይ አፍ ከማድረቅና ከማደንዘዝ ያለፈ ነገር ላያሳዩ ይችላሉ፤ አንጎሉ የተጎዳ አዛውንት ላይ ግን ቀንና ሌሊትን እስከማያስለይ ድረስ ያደናግራሉ። ውጭ ሀገር የምትኖሩ ልጆች ይህንን ልብ እንድትሉልኝ እለምናለሁ፦ በአሜሪካ መደብሮች ያለ ማዘዣ የሚሸጡት፣ «ፒኤም» የሚል ቃል ከስማቸው የተቀጠለባቸው ብዙዎቹ የሕመም ማስታገሻዎች ዲፌንሃይድራሚን የሚባል ተመሳሳይ መድኃኒት አለባቸው። ለእናት ለአባት በሻንጣ ከሚላኩት ነገሮች መካከል እነዚህ መኖራቸውን በሥራዬ ደጋግሜ አይቻለሁ።

መድኃኒት ከመምረጥ በፊት ሕመሙ ራሱ መለየት አለበት። «ጃጅተዋል» ብለን የምናልፋቸው አንዳንድ አዛውንቶች የታይሮይድ ሆርሞን ወይም የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ ከባድ ድባቴ፣ ወይም ከወደቁ በኋላ ጭንቅላታቸው ውስጥ ቀስ ብሎ የተጠራቀመ ደም ሊኖርባቸው ይችላል፤ እነዚህ ሁሉ ሕክምና አላቸው። መርሳት በወራትና በዓመታት የሚመጣ ነገር ነው። ትላንት ደህና የነበሩ ሰው ዛሬ ድንገት ከተደናገሩ የሽንት ወይም የሳንባ ኢንፌክሽን፣ የሽንት መታገት፣ የሰውነት ውኃ ማነስ ወይም አዲስ የተጀመረ መድኃኒት ሊኖር ስለሚችል በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ መወሰድ አለባቸው።

አሁን ለመርሳቱ ወደሚታዘዙት እንሂድ። ዶኔፔዚል በአሜሪካ የተፈቀደው በ1996 ሲሆን ሪቫስቲግሚንና ጋላንታሚን በ2000 እና በ2001 ተከተሉት፤ ሦስቱም የሚሠሩት በአንድ መንገድ ነው። በ2003 የተፈቀደው ሜማንቲን በሌላ መንገድ የሚሠራ ሲሆን፣ ለመካከለኛና ለከባድ ደረጃ ይታዘዛል፤ ከዶኔፔዚል ጋር አብሮም ሊሰጥ ይችላል። አራቱም ሕመሙን አያድኑም፣ የሕዋሳቱንም መሞት አያቆሙም። የሚሰጡት ጥቅም መጠነኛ ነው፦ አንዳንዱ ሰው ለተወሰኑ ወራት ራሱን ችሎ ይለብሳል፣ ወሬ ይከተላል፤ ሌላው ምንም ለውጥ አያሳይም። ይህንን በግልጽ የምናገረው ተስፋ ለማስቆረጥ አይደለም፤ ቤተሰብ መሬቱን ሸጦ መድኃኒት ከመግዛቱ በፊት የሚገዛው ምን እንደሆነ ማወቅ ስላለበት ነው።

ዶኔፔዚል በ5 ሚሊ ግራም ተጀምሮ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ካለፈ በኋላ ወደ 10 ከፍ ሊል ይችላል። ማቅለሽለሽ፣ ተቅማጥና የክብደት መቀነስ ያመጣል፤ የልብ ምትን ስለሚያዘገይ ራሳቸውን ስተው የወደቁ አዛውንት ይህንን መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ሐኪሙ የልብ ምታቸውን ማየት አለበት። ማታ ተውጦ ቅዠት ከበዛ ወደ ጠዋት ማዛወር ብዙ ጊዜ ይበቃል። ሪቫስቲግሚን ቆዳ ላይ በሚለጠፍ መልክም አለ፤ እዚህ ላይ አንድ ስህተት ሕይወት አጥፍቷል። አዲሱን ከመለጠፍ በፊት የትላንቱን ማንሳት የግድ ነው። አስታማሚዎች ሲቀያየሩ ጀርባ ላይ ያለው አሮጌው ሳይታይ ሌላ ይደረብበትና መጠኑ እጥፍ ድርብ ይሆናል።

የመርሳት ሕመም ዓይነቱ ምርጫውን ይለውጣል። ሌዊ ቦዲ በሚባለውና ከፓርኪንሰን ጋር በሚመጣው የመርሳት ሕመም ሪቫስቲግሚንና ዶኔፔዚል ጥሩ ሊረዱ ይችላሉ። ከመርሳት ይልቅ ጠባይን ቀድሞ በሚለውጠው፣ የፊተኛውን የአንጎል ክፍል በሚያጠቃው ሕመም ግን አይረዱም፤ እንዲያውም ሰውየውን ይበልጥ ሊያቅበጠብጡት ይችላሉ።

በደም ሥር ስለሚሰጡት አዳዲስ መድኃኒቶች ብዙ ስለምትጠይቁኝ በአጭሩ ልመልስ። ሌካኔማብ በ2023፣ ዶናኔማብ በ2024 በአሜሪካ ሙሉ ፈቃድ አግኝተዋል። ሁለቱም በአንጎል ውስጥ የተከማቸውን አሚሎይድ የተባለ ፕሮቲን ያነሳሉ። በሌካኔማብ ጥናት በ18 ወር ውስጥ የሕመሙ መባባስ በ27 በመቶ ዝግ ብሏል፤ ይህ በ18 ነጥብ መለኪያ ከግማሽ ነጥብ ያነሰ ልዩነት ነው። የሚሰጡት ሕመሙ ገና ሲጀምር ብቻ ሲሆን፣ የአንጎል እብጠትና መድማት ሊያስከትሉ ስለሚችሉ ተደጋጋሚ የኤምአርአይ ምርመራ ያስፈልጋል። ሕመማቸው ገፍቶ ለሄደ ሰው ግን እነዚህ መድኃኒቶች አይሰጡም።

[በምስሉ ላይ፦ የሃሎፔሪዶል እሽግ ለብቻው።]

ከፌስታሉ ውስጥ ከሁሉ ያስጨነቀኝ ይህ ነው። ሃሎፔሪዶል መጥፎ መድኃኒት አይደለም። ስኪዞፍሬንያ ያለበት ወጣት በሃሎፔሪዶል፣ በሪስፐሪዶን ወይም በኦላንዛፒን ወደ ሥራውና ወደ ትዳሩ ሲመለስ አይቻለሁ። ስለዚህ ይህንን ቪዲዮ የምታዩና ለስኪዞፍሬንያ ወይም ለባይፖላር ሕመም እነዚህን መድኃኒቶች የምትወስዱ ሁሉ፣ ከዚህ ቀጥሎ የምናገረው እናንተን አይመለከትም፤ መድኃኒታችሁን በራሳችሁ አታቋርጡ። ጸበል የምትጠመቁም ከሆነ እየተጠመቃችሁ ክኒኑን መዋጥ ትችላላችሁ።

የመርሳት ሕመም ላለባቸው አዛውንቶች ግን ሚዛኑ ሌላ ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2005 እንደ ሪስፐሪዶንና ኦላንዛፒን ባሉት በአዲሶቹ ፀረ ሳይኮሲስ መድኃኒቶች (የሌለ ነገር ማየትንና መስማትን በሚያክሙት)፣ በ2008 ደግሞ እንደ ሃሎፔሪዶል ባሉት በቀድሞዎቹም ላይ ከባዱን ማስጠንቀቂያ አስፍሯል። ማስጠንቀቂያው በ17 ጥናቶች ላይ የተመሠረተ ሲሆን፣ በአብዛኛው 10 ሳምንት ያህል በቆዩት በእነዚህ ጥናቶች መድኃኒቱን ከወሰዱት 4.5 በመቶ ገደማ፣ መድኃኒት የሌለበት አምሳያ ክኒን ከወሰዱት ደግሞ 2.6 በመቶ ገደማ ሞተዋል። የሞቱ ምክንያቶች በአብዛኛው የልብ ሕመምና እንደ ሳንባ ምች ያሉ ኢንፌክሽኖች ናቸው። በ2009 የታተመ የብሪታንያ ጥናት እነዚህን መድኃኒቶች ሲወስዱ የቆዩ የአልዛይመር ታማሚዎችን በሁለት ከፍሎ ግማሾቹን እንዲቀጥሉ፣ ግማሾቹን አምሳያ ክኒን እንዲወስዱ አድርጎ ተከታተላቸው። ከሁለት ዓመት በኋላ ከቀጠሉት 46 በመቶው፣ ካቋረጡት 71 በመቶው በሕይወት ነበሩ። ይህንን ቁጥር ባነበብኩ ቁጥር በየቤቱ «ማረጋጊያ» እየተባለ ለዓመታት የሚዋጠው ክኒን ይታወሰኛል።

ሌዊ ቦዲ ላለበት ሰው አደጋው ከዚህም የከፋ ነው። ይህ ሕመም ራሱ የሌሉ ሰዎችንና እንስሳትን ያሳያል፤ ሐኪሙ ሕመሙን ሳይለይ ለዚያ ሃሎፔሪዶል ከሰጠ ሰውየው በአንድና ሁለት ክኒን ሰውነቱ እንደ እንጨት ሊደርቅ፣ ሊሞትም ይችላል። አዛውንቱ የሚያዩትን በዝርዝርና በግልጽ የሚነግሯችሁ ከሆነ፣ አካሄዳቸው የሚጎተት ከሆነ፣ በእንቅልፋቸው የሚራገጡ ከሆነ፣ ይህንን ሳይጠየቁም ለሐኪሙ መንገር ያስፈልጋል።

እንግዲህ እናት ሌሊት ሲጮኹ ምን ይደረግ? በ2011 ከኖርዌይ የወጣ ጥናት 352 የመርሳት ሕመም ያለባቸው የአረጋውያን መጦሪያ ነዋሪዎችን ያካተተ ነበር። ከፊሎቹ በተወሰነ ቅደም ተከተል የሕመም ማስታገሻ ሲሰጣቸው፣ አብዛኞቹ የወሰዱት ፓራሲታሞል ብቻ ሆኖ ሳለ፣ በ8 ሳምንት ውስጥ መቅበጥበጣቸው በግልጽ ቀነሰ። ቃል ያጣ ሰው ጥርሱን፣ ጉልበቱን ወይም የደረቀ ሆዱን አመመኝ ማለት ስለማይችል ይጮኻል፣ ይማታል። ጩኸቱ በስንት ሰዓት እንደሚመጣ፣ ከመታጠብ ወይም ከመገላበጥ ጋር እንደሚያያዝ፣ ማን አጠገባቸው ሲሆን እንደሚበርድ ለአንድ ሳምንት በደብተር መጻፍ ከማንኛውም ማዘዣ መቅደም አለበት ብዬ አምናለሁ።

ይህ ሁሉ ተሞክሮ ሰውየው ራሱን ወይም ሌላውን የሚጎዳ ከሆነ መድኃኒት ተገቢ ነው። ሪስፐሪዶን በአውሮፓ ለዚህ የተፈቀደው እስከ 6 ሳምንት ለሚደርስ ጊዜ ነው፤ ብዙ ጊዜ በሩብ ሚሊ ግራም ይጀመራል። በ2023 በአሜሪካ ለአልዛይመር መቅበጥበጥ የተፈቀደው ብሬክስፒፕራዞልም ተመሳሳይ ማስጠንቀቂያ አለበት። ማዘዣ ስትቀበሉ የሚቆምበትን ቀን ጠይቃችሁ እሽጉ ላይ ጻፉ። ለጭንቀት የሚሰጠው ዲያዜፓም በአዛውንት ሰውነት ውስጥ ለቀናት ስለሚቆይ ያደናግራል፣ ይጥላል፣ የዳሌ አጥንት ያሰብራል፤ ለዚህ ዓላማ ባይመረጥ ይሻላል። ለሚጥል በሽታ የሚሰጠው ቫልፕሮይክ አሲድም ለመቅበጥበጥ ተሞክሮ አልጠቀመም።

የድባቴው ጉዳይ አስቸጋሪ ነው። በ2011 የወጣ የብሪታንያ ጥናት ሰርትራሊንና ሚርታዛፒን የመርሳት ሕመም ላለባቸው ሰዎች ድባቴ ከአምሳያ ክኒን የተሻለ እንዳልሠሩ አሳይቷል። ድባቴው ከባድ ከሆነ ወይም ሰውየው ከዚህ በፊትም ድባቴ ከነበረበት ግን አሁንም ይሞከራሉ፤ በአዛውንት ደም ውስጥ ያለውን ሶዲየም ሊያወርዱ ስለሚችሉ ከጀመሩ በኋላ የደም ምርመራ ይፈለጋል። ለባይፖላር ሊትየም የሚወስዱ ሰዎች ደግሞ በጾም ወቅት ውኃ ሲያጥራቸው፣ ሲያስመልሳቸው ወይም ለራስ ምታት ኢቡፕሮፌን ሲውጡ የሊትየሙ መጠን በደም ውስጥ ወደ መርዛማ ደረጃ ሊወጣ ይችላል፤ ስለዚህ ዐቢይ ጾም ወይም ረመዳን ከመግባቱ በፊት ሐኪም ማማከር አለባቸው። እጅ ክፉኛ መንቀጥቀጥ፣ መንገዳገድና የአንደበት መተሳሰር ከታየ ሆስፒታል መሄድ ነው።

[በምስሉ ላይ፦ ያው ጠረጴዛ፤ አሁን ያሉት ሁለት እሽጎች ብቻ ናቸው።]

የአክስቴን ስድስት መድኃኒቶች በአንድ ጊዜ አላቆምናቸውም፤ እንዲህ ማድረግ ራሱ ይጎዳል። ሐኪሟ ሙሉውን ዝርዝር አይታ የጉንፋኑንና የሽንቱን ክኒን ወዲያው አስቆመቻት፤ ሃሎፔሪዶሉን በየሁለት ሳምንቱ እየቀነሰች አወጣችው፤ ከዚያ አርቴኑን፣ በመጨረሻም አሚትሪፕቲሊኑን። ዶኔፔዚሉ ወደ 5 ሚሊ ግራም ወርዶ ጠዋት ሆነ። ልጇ በያዘችው ደብተር ላይ ጩኸቱ የሚመጣው ከአልጋ ስትነሳ መሆኑ ስለታየ ጉልበቷ ተመረመረ፤ አሁን በቀን ሦስት ጊዜ ፓራሲታሞል ትወስዳለች። በክፍሉ ውስጥ የሌሉት ሰዎች አልተመለሱም። ሽንቷ ዛሬም ያጣድፋታል፤ ልጇ በየሁለት ሰዓቱ ክንዷን ይዛ ወደ መጸዳጃ ቤት ትወስዳታለች።